ከሱሉልታ ሆኖ ጎልፍ መከታተል ነውር አይደለም

ባለፉት ሁለት ሳምንታት አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ አምስት ሰው ልኮልኛል፤ ሁለቱ «ስላንተ ነው የተጻፈው» ብለው አክለውበታል። የሚያወራው በአዲስ አበባ ዳርቻ እየኖርን የጎልፍ ቱሮችን፣ ማለትም ከቦታ ቦታ እየዞሩ የሚካሄዱትን የባለሙያዎች ውድድሮች፣ ስለምንከታተል ጥቂት ሰዎች ነው። ጸሐፊው ብዕር ያውቁበታል፤ እኔም ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ብዙ ሰው አምኖ ሲቀባበለው ሳይ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሚሉት ባጭሩ ይህ ነው። ጎልፍ የሀብታም ፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ አንድም ኢትዮጵያዊ የለበትም፤ ስለዚህ የቧንቧ ውኃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ተቀምጦ እሱን መከታተል በሰው ሠርግ መጨፈር ነው። ደግሞም ሽርሽር እንጂ ስፖርት አይደለም። ሜዳው ሁሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ ሣር ስለሆነ የሚያወያይ ነገር የለውም። ከሁሉ በላይ ውኃና መሬት ይበላል፤ ገበሬ ከመሬቱ በሚነሣበት የከተማ ዳርቻ ሆኖ እሱን መውደድ ከአፈናቃይ ጋር ማበር ነው። የባሕረ ሰላጤው ገንዘብ ከገባበት ወዲህም ማሸነፍና መሸነፉ ትርጉም አጥቷል። በመጨረሻ፣ ሌሊት የሚታይ ስለሆነ ሰውን ከቤተሰቡና ከጎረቤቱ ይነጥላል።

ከእነዚህ ውስጥ ስለ መሬቱ የተባለው ከባድ ነው፤ እሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ አንዷን ቀን ብቻ በእኛ እጠራታለሁ።

ከኢትዮጵያዊው ልነሣ። በትልልቆቹ ቱሮች ላይ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ልክ ናቸው። ግን ይህ መመዘኛ ለጎልፍ ብቻ የሚሠራው ለምንድን ነው? ቅዳሜ ማታ እዚህ ሱሉልታ ዲኤስቲቪ ቤት ብትገቡ አግዳሚው ሞልቶ ሰው በር ላይ ቆሞ ያያል። የአርሴናልና የማንቼ ደጋፊ ተከፋፍሎ ጩኸቱ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። እነዚህ ልጆች አርሴናልን ለመውደድ የአገራቸው ልጅ ማሊያውን እስኪለብስ አልጠበቁም። በሰው ሠርግ ጨፈራችሁ ያላቸውም የለም። ጨዋታ ለመውደድ ሜዳ ውስጥ ዘመድ መኖር አለበት ከተባለ ግማሹ የከተማችን ወጣት ቅዳሜና እሑድ የሚያየው ነገር አይኖረውም።

«የሀብታም ፈረንጅ» የሚለው ግን እውነት አለበት፤ እንዲያውም ጸሐፊው ከጻፉት በላይ። የአሜሪካ ባለሙያ ጎልፈኞች ማኅበር እስከ 1961 ድረስ አባላቱ ነጮች ብቻ እንዲሆኑ የሚያዝ አንቀጽ ነበረው። ከጎልፍ አራቱ ታላላቅ ውድድሮች አንዱ የሆነው ማስተርስ የሚካሄድበት የአሜሪካው ክለብ ኦገስታ ናሽናል የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990፣ የመጀመሪያዎቹን ሴቶች ደግሞ በ2012 ነው። ይህን ያወቅሁት ጨዋታውን በመከታተሌ ነው። ፓፕዋ ሰጎሉም የሚባል የሕንድ ዘር ያለው ደቡብ አፍሪካዊ ነበር፤ በካዲነት፣ የጎልፈኞችን ዱላ እየተሸከመ ያደገ፣ እጆቹን ገልብጦ ዱላ የሚይዝ። በ1963 ደርባን ላይ የናታል ኦፕንን አሸነፈ። በአፓርታይድ ምክንያት ወደ ክለቡ ቤት መግባት አይችልም ነበርና ነጮቹ ጣሪያ ሥር ተጠልለው እሱ ዝናብ ላይ ቆሞ ዋንጫውን ተቀበለ። እኔ ጎልፍ ስከታተል የሰጎሉምንም ታሪክ ይዤ ነው። ጨዋታውን ለእነዚያ ክለቦች ትተን እንሂድ ማለት በሩ ላይ ዝናብ የመታውን ሰው አብሮ መተው ነው።

ስፔናዊው ሴቬ ባዬስቴሮስም የሀብታም ልጅ አልነበረም። ጨዋታውን የተማረው ፔድሬኛ በምትባል መንደር፣ የባሕር ዳር አሸዋ ላይ፣ በአንዲት ዱላ ነው። ይኸው ሴቬ በ1978 የኬንያ ኦፕንን አሸንፏል። ናይሮቢ ማለቴ ነው፤ ከቦሌ በአውሮፕላን የሁለት ሰዓት መንገድ። ውድድሩ የተጀመረው በ1967 ነው፤ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ዛሬ ዲፒ ወርልድ ቱር በሚባለው በአውሮፓው ዋና ቱር ውስጥ ይካሄዳል። ጎልፍ ከእኛ ምን ያገናኘዋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ ጎረቤታችን ቤት አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ ሩር መለጋት ለዚህ አገር ባዕድ አይደለም። ሱሉልታ ሜዳ ላይ በገና ቀን ያደገ ልጅ ዱላ ኳስን በትክክለኛው ቦታ ስትመታት ክንድ ውስጥ የሚሰማውን ያውቀዋል። ገና እና ጎልፍ አንድ ናቸው አልልም፤ አንዱ ግፊያ ነው፣ ሌላው ዝምታ። ያቺን ስሜት ግን ማንም ከውጭ አላመጣልንም።

ስፖርት አይደለም ስለሚለው ብዙ አልደክምም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ስከፍት ሯጮቻችን በጭጋጉ ውስጥ እየተነፈሱ ያልፋሉ። አሥር ሺህ ሜትርን የማያውቅ ሰው «25 ጊዜ እየዞሩ መሮጥ ምኑ ያስደስታል?» ሊል ይችላል። በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌና ፖል ቴርጋት ያንን ሁሉ ዙር ሮጠው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ሲለያዩ ያየ ግን እንዲህ አይልም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ሁሉ ባዶ አይደለም፤ ማየት ይጠይቃል። ጎልፍም አራት ቀን፣ 72 ቀዳዳ ነው፤ ኳሷን በጥቂት ምት ቀዳዳዎቹ ውስጥ የከተተ ያሸንፋል። በ2008 ታይገር ዉድስ የእግሩ አጥንት ተሰንጥቆ፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ፣ ከአራቱ ታላላቆች ሌላውን፣ ዩኤስ ኦፕንን፣ በ72ቱ ስላልለየለት 91 ቀዳዳ ተጫውቶ አሸንፏል። ይህን ሽርሽር ማለት ይከብዳል። ደብዛዛ ቀናት እንዳሉት ግን አምናለሁ፤ ሐሙስ ከሰዓት ላይ እኔም እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል።

ሜዳው ሁሉ አንድ ነው የሚለው ላይ ግን ጸሐፊው ከባድ ስሕተት ሠርተዋል። እንዲያውም ተገላቢጦሹ ነው። የእግር ኳስ ሜዳ ለንደንም ባሕር ዳርም አራት ማዕዘን ነው። ጎልፍ ግን በየሳምንቱ ሌላ መሬት ላይ ነው የሚካሄደው፤ መሬቱ ራሱ አንድ ተጫዋች ነው። እኔን የያዘኝ ይኸው ነው። ዋንጫው ማን ቤት እንደሚገባ ሳላስብ ሜዳውን ብቻ የማይባቸው ሳምንታት አሉ።

ስኮትላንድ ውስጥ ያለውን የሴንት አንድሩዝን አሮጌ ሜዳ ተመልከቱ። አንድ ዙር 18 ቀዳዳ መሆኑ የመጣው ከዚያ ነው፤ በፊት 22 ነበር፣ በ1764 ወደ 18 ወረደ። ከ18ቱ 14ቱ ቀዳዳዎች ሰባት ትልልቅ ግሪኖችን፣ ማለትም ቀዳዳው ያለበትን አጥብቆ የታጨደ ሣር፣ ሁለት ሁለት ሆነው ይጋራሉ፤ የሚጋሩት ቀዳዳዎች ቁጥር ሲደመር ሁልጊዜ 18 ይመጣል። ማንም በወረቀት ነድፎ አልጀመረውም። የባሕር ዳር አሸዋ፣ ንፋስና ከብት የሠራው መሬት ነው።

ይህን ሜዳ አንድ ቀን ለጎረቤቴ በስልኬ አሳየኋቸው። በግ የሚያረቡ፣ በመስከረምና ጥቅምት ሣር አጭደው የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ጎልፍ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። መነጽራቸውን አውርደው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አቀረቡና «እነዚህን ጉድጓዶች ማን ቆፈራቸው?» አሉኝ፤ የአሸዋ ባንከሮቹን ነው። በጥንት ጊዜ ከባሕሩ ንፋስ የሚሸሹ በጎች ተጠልለውባቸው እየሰፉ ሄዱ ተብሎ ይነገራል አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «በግ እንዲያ ነው። ጀርባዋን ለዳገቱ ሰጥታ መሬቱን እየፋቀች ነው የምትተኛ።» ከዚያ በጣታቸው የጉድጓዱን ከፍ ያለ ግድግዳ እያሳዩኝ «ንፋሱ በዚህ በኩል ነው የሚመጣው ማለት ነው» አሉ። ተንታኞች ግማሽ ሰዓት የሚያወሩበትን ነገር እሳቸው በአንድ ሥዕል አነበቡት። ሜዳ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ከእሳቸው አጠገብ አንድ ቀን ቢቀመጥ ደስ ይለኛል።

ኦገስታ ደግሞ ፍጹም ሌላ ነው። ቀድሞ የችግኝ ጣቢያ ነበር፤ እያንዳንዱ ቀዳዳ የሚጠራው በተክል ስም ነው። 12ኛው ቀዳዳ 142 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ከውድድሩ ቀዳዳዎች ሁሉ አጭሩ። ከፊቱ ጅረት አለ፣ ግሪኑ ጠባብና አግድም የተኛ ነው፣ ከላይ ደግሞ በዛፎቹ መሐል ንፋሱ ይዞራል። ቀዳዳውን የሚያመለክተው ባንዲራ ወዲህ ሲያዘነብል የዛፉ ጫፍ ወዲያ ይወዛወዛል። በ2016 ጆርዳን ስፒት ግማሹን ዙር ሲጨርስ በአምስት ምት እየመራ ነበር። ሁለት ቀዳዳ አበላሽቶ እዚህ ደረሰ፤ ሁለት ኳስ ውኃ ውስጥ ከትቶ በሦስት ምት መጨረስ ያለበትን በሰባት ጨረሰ። ዋንጫውን ዳኒ ዊሌት ወሰደ። ከሦስት ዓመት በኋላ እየመራ የነበረው ሞሊናሪ እዚያው ውኃ ውስጥ ገባ። ታይገር ግን ባንዲራውን ትቶ ወደ ግሪኑ ሰፊ ቦታ መታ፤ በ43 ዓመቱ አሸነፈ። ከባንዲራው ርቆ መምታት ድፍረት የሆነበት ቦታ ነው። ይህን አንዴ የገባው ሰው 12ኛው ላይ ማንም ሲቆም ትንፋሹን ሳይዝ አያይም።

ለእኛ ለደጋ ሰዎች ደግሞ የተለየ የምናውቀው ነገር አለ። አየሩ ሲሳሳ ኳስ ትርቃለች። ከ2017 እስከ 2020 አንድ ትልቅ ውድድር ሜክሲኮ ሲቲ አጠገብ ቻፑልቴፔክ በሚባል ሜዳ ይካሄድ ነበር። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ የአዲስ አበባን ያህል ማለት ነው። የዓለም ምርጥ ተጫዋቾች እዚያ ሲደርሱ ዕድሜ ልካቸውን የለመዱት ርቀት ሁሉ ይበላሽባቸዋል። ኳሷ ከለመዱት ከአሥር በመቶ በላይ ስለምትርቅ በእያንዳንዱ ምት ሒሳብ ይሠራሉ። ናይሮቢም ላይ፣ በ1,700 ሜትር ገደማ፣ ያው ሒሳብ በመጠኑ አለ። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ነው የተቀመጠችው። የእኛ ልጆች በዚህ አየር ውስጥ ሮጠው ዓለምን ያስደነቁበት ምክንያት እና ቻፑልቴፔክ ላይ ኳስ ከግሪኑ ጀርባ የምትወድቅበት ምክንያት አንድ ነው፤ የሳሳ አየር። ይህን ከእኛ በላይ ሊገባው የሚችል ተመልካች ማን አለ?

አሁን ወደ መሬቱና ውኃው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ የጻፉትን በቁጣ አላነበብኩትም። ሱሉልታ ውስጥ ለሚኖር ሰው ወሬ አይደለም። ልጅ ሆኜ እስከ ተራራው ሥር ድረስ ሣር የነበረው ሜዳ ዛሬ በቆርቆሮ አጥር ተቆራርጧል። ቢጫ ጀሪካን የጫነች አህያ በቤታችን ፊት ሳታልፍ የምትውልበት ሳምንት የለም። የሣሩ ባለቤት የነበረ ሰው በታጠረው ግቢ በር ላይ ጥበቃ ሆኖ ተቀጥሮ አይቻለሁ። ነገ አንድ ባለሀብት መጥቶ ገበሬ አስነሥቼ የጎልፍ ሜዳ ልሥራ ቢል ከተቃዋሚዎቹ ፊት እቆማለሁ። ጎልፍ ሜዳ ውኃ ይጠጣል የሚለውም በብዙ ቦታ እውነት ነው። ዱባይ ላይ በ1988 የተከፈተው የመካከለኛው ምሥራቅ የመጀመሪያው የሣር ጎልፍ ሜዳ በረሃ ላይ ነው የተዘረጋው፤ ውኃ ሳይጠጣ አንድ ሳምንት አይቆምም። የዚያ ዓይነት ሜዳ ውበት ለእኔም አይዋጥልኝም።

ግን ሁለት ነገሮች ተደባልቀዋል። የእኛን ሜዳ ያጠረው ጎልፍ አይደለም፤ ሰፈራችን ውስጥ የጎልፍ ሜዳ የለም። ያጠሩት ሌሎች ሥራዎች ናቸው፤ የእነዚያን ሥራዎች ውጤት ሁላችንም፣ ጸሐፊውም ጭምር፣ እንኖርባቸዋለን፣ እንገዛቸዋለን። አንድን ጨዋታ ማየት ሌላ፣ መሬት መያዝ ሌላ። የቤት ግንባታ ገበሬ አፈናቅሏል ብሎ ቤት መውደድን ወንጀል ያደረገ ሰው የለም፤ ክርክሩ የሚሆነው የማን መሬት፣ በምን ካሳ፣ በምን ሕግ የሚለው ነው። ለጎልፍም ጥያቄው ያው ነው።

ሁለተኛ፣ ሜዳዎችን ለዓመታት የተከታተለ ሰው ጎልፍ የግድ ውኃ ጠጪና መሬት በል እንዳልሆነ በምሳሌ ያውቃል። ሴንት አንድሩዝ የተቀመጠው እህል በማያበቅል አሸዋማ የባሕር ዳር መሬት ላይ ነው፤ የሕዝብ ሜዳ ነው፤ እሑድ ደግሞ በልማድ ለጎልፍ ተዘግቶ የከተማው ሰው ልጁንና ውሻውን ይዞ ይንሸራሸርበታል። ኒው ዮርክ ያለው ቤዝፔጅ ብላክ የመንግሥት ፓርክ ውስጥ ያለ ነው፤ ዩኤስ ኦፕንን ሁለት ጊዜ፣ በ2025 ደግሞ የአሜሪካና የአውሮፓ ቡድኖች የሚገጥሙበትን የራይደር ካፕን አስተናግዷል። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ፓይንኸርስት ቁጥር ሁለት የሚባለው ዝነኛ ሜዳ በ2010 እና 2011 ታድሷል። አዳሾቹ የመስኖ ሣሩን ብዙ ሄክታር ነቅለው አሸዋውንና የአገሩን ሣር መለሱ፤ ከ1,100 በላይ የነበሩት የውኃ መርጫዎች ወደ 450 ገደማ ወረዱ። በ2014 የወንዶቹም የሴቶቹም ዩኤስ ኦፕን በተከታታይ ሳምንታት እዚያ ሲካሄድ ሜዳው ቡናማ መስሎ ነበር፤ አንዳንድ ተመልካች ሞተ ብሎ አዘነለት። እኔ ሳየው የኅዳር ሜዳችንን መሰለኝ፤ ሣሩ ታጭዶ ቃርሚያው የቀረበትን።

ከሁሉም ይልቅ ግን ቼምበርስ ቤይን ነው የማነሣው። ከእኛ ሰፈር ከፍ ብሎ ድንጋይ ተፈልጦበት የተተወ ካባ አለ። ክረምት ሲገባ ውኃ ያቁራል፤ ልጆች እንዳይወድቁበት እናቶች ሲጮኹ ይውላሉ። ማንም አያርሰው፣ ማንም አይሠራበት። ቼምበርስ ቤይ እንዲህ ያለ ቦታ ነበር፤ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ለብዙ ዘመን አሸዋና ጠጠር ሲወጣበት የኖረ ጉድጓድ። የአካባቢው አስተዳደር ወስዶ በ2007 የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ አድርጎ ከፈተው። በ2015 የዩኤስ ኦፕን እዚያ ተካሄደ፤ ደስቲን ጆንሰን በመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ከአራት ሜትር ባነሰ ርቀት ሦስት ጊዜ ነክቶ ዋንጫውን ለስፒት አስረከበ። የቆፈሩት ሰዎች የተዉዋቸው የኮንክሪት ግድግዳዎች ዛሬም ሜዳው አጠገብ ቆመዋል። ካባችን ጎልፍ ሜዳ ይሁን እያልኩ አይደለም፤ መጀመሪያ አጥር ቢደረግለት ይበቃኛል። የምለው፣ የተጎዳ መሬት ሊድን እንደሚችል ያየሁት ይህን ጨዋታ በመከታተሌ ነው። ነገ አንድ ሰው የሚያምር ሥዕል ይዞ ወደ ሱሉልታ ቢመጣ «ውኃው ከየት ነው? ሣሩ የምን አገር ነው? መሬቱ ምን ያበቅል ነበር? እሑድ ለሕዝብ ይከፈታል?» ብለው የሚጠይቁት ሜዳዎችን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው ሊያሳፍሩን የፈለጉት እነዚሁን ሰዎች ነው።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ ልበል። የሳዑዲ መንግሥት የሀብት ፈንድ በ2022 ሊቭ የተባለውን ሊግ ሲያቋቁም ጎልፍ ለሁለት ተከፍሏል፤ በ2023 እርቅ መሰል ስምምነት ቢታወጅም ቁስሉ አልሻረም። ደጋፊ እንደመሆኔ እኔንም አድክሞኛል፤ የምወዳቸው ተጫዋቾች በአንድ ሜዳ ሳይገናኙ ወራት ያልፋሉ። ይህን ለጸሐፊው እሰጣለሁ። ነገር ግን ይኸው ፈንድ በ2021 ኒውካስል ዩናይትድን ከገዙት ዋነኛው ነው፤ የኒውካስል ጨዋታ ትርጉም አጣ ብሎ ከዲኤስቲቪ ቤት የወጣ ሰው አላየሁም። ውጤቱ ትርጉም የለውም የሚለው ደግሞ በቀላሉ ይፈርሳል። በአሜሪካው ዋና ቱር፣ በፒጂኤ ቱር፣ መደበኛ ውድድር ከሁለት ቀን በኋላ ግማሽ ያህሉ ይሰናበታል፤ የተሰናበተ የሽልማት ገንዘብ የለውም። በጥር 2024 ኒክ ደንላፕ የሚባል የ20 ዓመት ተማሪ አማተር፣ ማለትም ባለሙያ ያልሆነ ተጫዋች፣ ሆኖ የፒጂኤ ቱር ውድድር አሸነፈ፤ ከ1991 ወዲህ እንዲህ ያደረገ አማተር አልነበረም። አማተር እንዲህ ያለ የሽልማት ገንዘብ መቀበል ስለማይችል የአንደኛው ሽልማት፣ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ሁለተኛ ለወጣው ደቡብ አፍሪካዊ ለክርስቲያን ቤዘደንሃውት ተሰጠ። ልጁ ዋንጫውን ይዞ ሲስቅ ያየ ሰው፣ አንዲት ሳንቲም ሳያገኝ፣ ማሸነፍ ትርጉም አጣ ሊል አይችልም።

የቀረው የሌሊቱ ጉዳይ ነው። ግማሹ ልክ ነው፤ የአሜሪካ ውድድሮች ለእኛ ሌሊት ናቸው፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ላለው ሰው ይከብዳሉ። የኬንያው ግን በእኛው ሰዓት ነው፤ የደቡብ አፍሪካና የዱባይ ከእኛ የሚለዩት በአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ የብሪታኒያው ዘ ኦፕን እሑድ የሚያልቀው ከእራት በኋላ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከጎረቤት ይነጥላል ለሚለው ግን በሰዓት አልመልስም።

ሚያዝያ 5 ቀን 2017 ዓ.ም ሆሳዕና ነበር። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የመጣች የዘንባባ ቀለበት ሌሊቱንም ጣቴ ላይ ነበረች። የማስተርስ የመጨረሻ ቀን ነው፤ ሮሪ ማክልሮይ እየመራ ነው። እኩለ ሌሊት ሲሆን 13ኛው ቀዳዳ ላይ ሰማንያ ሜትር ያህል ብቻ ከምትርቅ ቦታ ኳሷን ጅረቱ ውስጥ ጣላት፤ ወዲያው የሰፈሩ መብራት ጠፋ። በስልኬ ቀጠልኩ፤ ባትሪው ሊያልቅ ነው። ጋቢዬን ደርቤ ወደ ግቢያችን ጥበቃ ወረድኩ፤ ፓወር ባንክ እንዳለው አውቃለሁ። አውጥቶ ሰጠኝና ከአጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያዘነው?» አለኝ ስክሪኑን አይቶ።

ነገርኩት። በ2011 እዚሁ ሜዳ በአራት ምት እየመራ ገብቶ በመጨረሻው ቀን 80 ምት መትቶ ተዋርዶ ወጣ። ከትልልቆቹ አራት ውድድሮች ሦስቱን አሸንፎ ይህ አንዱ ብቻ ቀረበት። የመጨረሻ ትልቅ ዋንጫውን ካነሣ 11 ዓመት ሊሞላው ነው። ጥበቃው ሌላ ማብራሪያ አልጠየቀኝም። 15ኛው ላይ ኳሷ ዛፎቹን ዞራ ግሪኑ ላይ ስታርፍ ክንዴን ያዘ። 18ኛው ላይ የአንድ ሜትር ተኩል ያህሏን ሲስት «ውይ» ብሎ ፊቱን በኩታው ሸፈነ። ከጀስቲን ሮዝ ጋር እኩል ሆነው እንደገና 18ኛውን ተጫወቱ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት አልፎ ኳሷ ገባች፤ ሰውየው በጉልበቱ ወድቆ ግንባሩን ሣሩ ላይ ደፋ። ሰሙነ ሕማማት ገብቷልና፣ ሰዉም ተኝቷልና ድምፃችንን አላወጣንም። ጥበቃው ብቻ ቀስ ብሎ «ተመስገን፤ አረፈ» አለ።

አሁንም ሰኞ ጠዋት የግቢውን በር ሲከፍትልኝ፣ ሰላምታ ሳይጨርስ፣ «ያ ልጅ እንዴት አደረገ?» ይለኛል።